ጥምርታን ከማነጻጸር በፊት የሚያስፈልግ የክፍልፋይ እውቀት

የኩቤኩ ተመራማሪ ጄራልድ ኖልቲንግ በ1980 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት ልጆችን የጠየቀው ስለ ብርቱካን ጭማቂ ነበር፦ ጭማቂና ውሃ በተለያየ መጠን ከተቀላቀለባቸው ሁለት ዕቃዎች የትኛው ይበልጥ ብርቱካን ብርቱካን ይላል? ጥያቄው ዛሬም ለመምህራን ይጠቅማል፤ ቁጥሮቹ በጥንቃቄ ከተመረጡ።

በመጀመሪያው ጆግ 2 ብርጭቆ ጭማቂና 3 ብርጭቆ ውሃ፣ በሁለተኛው 3 ጭማቂና 5 ውሃ አለ እንበል። «ውሃው እዚያ በ1፣ እዚህ በ2 ይበልጣል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ይወፍራል» ያለ ተማሪ መልሱን አግኝቷል። ያሰበው ግን በመቀነስ ነው። ሁለተኛውን ጆግ 5 ጭማቂና 7 ውሃ ብናደርገው ልዩነቱ ያው 2 ስለሆነ ያንኑ መልስ ይደግማል፤ አሁን ይሳሳታል። የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ የጠየቀ መምህር ይህን ክፍተት አያየውም።

ክፍተቱ በእኔ እምነት ከጥምርታ ትምህርት ይቀድማል። ልጁ 2/3ን በቁጥር መስመር ላይ የራሱ ቦታ እንዳለው አንድ ቁጥር ማየት አለበት። «የምን 2/3?» ብሎ መጠየቅም ይልመድ፤ ጭማቂው የውሃው 2/3 ነው፣ የመላው ቅልቅል ግን 2/5 ነው። በሁለቱም መንገድ ማነጻጸር ይቻላል፤ አንዱን ጆግ በውሃው፣ ሌላውን በመላ ቅልቅሉ መለካት ግን ያሳስታል።

ዋናው አቻ ክፍልፋይ ነው። 2/3ን 14/21፣ 5/7ን 15/21 ስናደርግ ታህቶቹን አመሳሰልን እንላለን። በጆጉ ሲታይ የመጀመሪያውን ቅልቅል 7 ጊዜ፣ ሁለተኛውን 3 ጊዜ ደጋግመን አዘጋጅተን የሁለቱንም ውሃ 21 ብርጭቆ አደረስን። መደጋገሙ ጣዕሙን እንደማይለውጥ የገባው ልጅ፣ ላዕልንና ታህትን በአንድ ቁጥር ማባዛት የክፍልፋዩን ዋጋ ለምን እንደማይለውጥ ገብቶታል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው 14 ብርጭቆ ጭማቂን ከ15 ጋር ማወዳደር ነው። አመሳቅሎ ማባዛትም የሚሰጠን እነዚህኑ ሁለት ቁጥሮች ነው። ብዙ ልጆች ዘዴውን ብቻ ተምረው «14ቱ የምን 14 ነው?» ሲባሉ ዝም ማለታቸው ያሳዝነኛል፤ መልሱ እጃቸው ላይ ነበርና።

የክፍልፋይ እውቀት እንዳለ የማይሠራበት ቦታም አለ። ሁለቱን ጆጎች አንድ ላይ ብንገለብጣቸው 7 ጭማቂና 10 ውሃ እናገኛለን፤ ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት ተደመረ። በክፍልፋይ ድምር ላይ በቀይ እስክሪብቶ የሚሰረዘው አሠራር እዚህ ልክ ነው። 7/10 ከ2/3 ይበልጣል፣ ከ5/7 ያንሳል፤ የቅልቅሉም ጣዕም በሁለቱ መካከል ይውላል።