ቴፑን ሳንቀይር ቤዝ እንጨምር፦ ከወንበር ስር ስለምትገባው ትንሽ ሰብውፈር ማወቅ ያለባችሁ

ቪትዝ፣ ያሪስ፣ ኮሮላ ወይም አዲሶቹን የኤሌክትሪክ መኪኖች የምትነዱ ቤተሰቦቻችን፣ ከፋብሪካ የመጣው ቴፕ ድምፁ ጥርት ቢልም ቤዝ ላይ እንደሚሰንፍ ታውቁታላችሁ። መፍትሔው ግን የግድ የኋላውን ዕቃ መጫኛ የሚሞላ ትልቅ ሳጥን አይደለም። ከወንበር ስር የምትገባ ትንሽ ሰብውፈር ለብዙ ሰው ትበቃለች። ራይድ ለምትሠሩ ደግሞ የተሳፋሪ ሻንጣ ቦታ አትሻማም።

ሥራው ከባድ አይደለም። ነገር ግን በቀጥታ ከባትሪ ገመድ መሳብ አለበት፤ በደንብ ያልታሰረ የባትሪ ገመድ ደግሞ መኪና ያቃጥላል። ስለዚህ ራሳችሁ ብትሠሩትም፣ ለኤሌክትሪሽያን ብትሰጡትም ይህችን ጽሑፍ ሴቭ አድርጓት።

▪️ ቤዙ ለምን አነሰ?

የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ይሰማል። የቤዝ ጊታር ወፍራሟ ክር የምትመታው 41 ኸርዝ አካባቢ ነው። በር ላይ ያሉት ስፒከሮች ግን ከ80 ኸርዝ በታች ሲወርዱ አቅም ያጥራቸዋል፤ ምክንያቱም ዝቅ ያለ ድምፅ ለማውጣት ብዙ አየር መግፋት ይጠይቃል።

ቴፑም ቢሆን "50 ዋት በ4" ቢባልም ለእያንዳንዱ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዋት አካባቢ ነው። ቤዙን ከቴፑ ላይ ስትጨምሩ በሩ የሚንቀጠቀጠውና ድምፁ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

▪️ ምን ዓይነት እንግዛ?

"አክቲቭ" የምትባለዋን ፈልጉ። አምፕሊፋየሩ፣ ስፒከሩና ሳጥኑ አንድ ላይ ናቸው፤ ሌላ አምፕሊፋየር አያስፈልጋትም። አብዛኞቹ 8 ኢንች ናቸው።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ትልቅ ቁጥር እንዳያታልላችሁ። መታየት ያለበት "አርኤምኤስ" የሚለው፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው። ለምሳሌ የኬንውድ ኬኤስሲ-ኤስደብልዩ11 ከፍተኛው 150 ዋት ቢሆንም አርኤምኤሱ 75 ዋት ነው። የጄቢኤል ቤዝፕሮ ኤስኤል ደግሞ 125 ዋት አርኤምኤስ ነው።

ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የምትሞክሩት ቀላል ሒሳብ እንስጣችሁ፦ ሰብውፈሯ ላይ ያለውን ፊውዝ አይታችሁ በ13 አባዙት። ፊውዙ 10 አምፔር ከሆነ 130 ዋት ይመጣል። የምትስበው ይህን ያህል ከሆነ ከዚያ በላይ ያለማቋረጥ ልታወጣ አትችልም። ካርቶኑ "1000 ዋት" የሚል ከሆነ ሻጩን ፈገግ ብላችሁ አልፉት።

ሌላው መጠየቅ ያለበት "የስፒከር ገመድ መግቢያ አላት ወይ?" የሚለው ነው። ብዙ የፋብሪካ ቴፖች ከኋላ የአርሲኤ መውጫ የላቸውም። ይህ መግቢያ ካላት በቀጥታ ከኋላ ስፒከር ገመድ ላይ ድምፅ ትወስዳለች። ከሌላት በመሃል ድምፁን ዝቅ የምታደርግ ትንሽ መቀየሪያ መግዛት አለባችሁ።

▪️ ከመግዛታችሁ በፊት

• ከወንበር ስር ያለውን ቁመት በሜትር ለኩ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደፊትና ወደኋላ ገፍታችሁ፣ ሰው አስቀምጣችሁ ነው መለካት ያለባችሁ። ለኋላ ወንበር አየር የሚያደርስ ቱቦም ካለ እዩት።

• ከወንበር ስር ቢጫ ገመድ ወይም ቢጫ ሶኬት ካያችሁ አትንኩት። አብዛኛውን ጊዜ የኤርባግ ነው።

• ወለሉን አትብሱ። ሆንዳ ፊት የነዳጅ ታንከሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ስር ነው። በሌሎች መኪኖችም የነዳጅና የፍሬን ቱቦ ከወለሉ ስር ሊያልፍ ይችላል። ለማሰር ጠንካራ ማሰሪያ ቀበቶ ወይም ከወንበሩ ብሎን ጋር የሚያዝ ላሜራ ተጠቀሙ።

• ከጃፓን የመጣ ባለ ካርታ ቴፕ ከሆነ ተጠንቀቁ። አንዳንዶቹ ባትሪ ሲነቀል ተቆልፈው ኮድ ወይም የካርታ ካርድ ይጠይቃሉ። ኮዱ ወይም ካርዱ ከሌላችሁ ባትሪ ሳይነቀል ኤሌክትሪክ የሚያቆይለት ባለሙያ ይሥራው።

• መኪናው የተከራያችሁት ከሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ።

▪️ አገጣጠሙ በቅደም ተከተል

1. ቁልፉን አውጥታችሁ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀሉ።

2. ዋናውን ገመድ ከባትሪው ፖዘቲቭ ሳቡ። ፊውዙ ከባትሪው 30 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይግባ፤ ሥራው እስኪያልቅ ግን ፊውዙን አትክተቱ። ይህ ፊውዝ የሚጠብቀው ሰብውፈሯን ሳይሆን ገመዱን ነው። ገመዱ ተልጦ ብረት ከነካ እስከ ፊውዙ ድረስ ያለው ክፍል ብቻ ነው ያለ መከላከያ የሚቀረው። ለዚህ ነው ሰብውፈሯ አጠገብ ያለው ፊውዝ ብቻውን የማይበቃው።

3. ገመዱ ንጹህ መዳብ ይሁን። ለትንሽ ሰብውፈር 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት ይበቃል፤ መመሪያዋ ከዚያ በላይ ካለ ግን እሱን ስሙ። ገበያ ላይ ከላይ መዳብ የተቀባ አልሙኒየም በብዛት አለ። በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ብርማ ከሆነ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ከመዳብ ጋር ሲነጻጸር ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ 60 በመቶ ገደማ ስለሆነ ወፈር ያለ መግዛት ይኖርባችኋል።

4. ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ ሲገባ ሌሎች ገመዶች በሚያልፉበት ጎማ በኩል ይለፍ። ባዶ ላሜራ ላይ ካለፈ መንገዱ ሲያንቀጠቅጠው ቀስ በቀስ ይላጣል።

5. የኃይል ገመዱን በአንድ ጎን፣ የድምፅ ገመዱን በሌላ ጎን አሳልፉ። አንድ ላይ ከሄዱ ድምፁ ውስጥ ጩኸት ሊገባ ይችላል።

6. ኔጌቲቩን ከመኪናው ቦዲ ጋር እሰሩ። ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ መታየት አለበት። ገመዱ ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። የወንበር ቀበቶን የያዘ ብሎን ግን አትንኩ።

7. ድምፁን ከኋላ ስፒከር ገመዶች ውሰዱ፤ ፖዘቲቩ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቩ ከኔጌቲቭ። የስፒከሩን ኔጌቲቭ በፍጹም ከቦዲ ጋር አታገናኙ፤ ቴፑን ሊያቃጥለው ይችላል። መገናኛው ላይ በእጅ ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም፤ ይበየድ ወይም በፒንሳ በሚጨመቅ ማገናኛ ይያዝ።

8. ማብሪያ ገመዷን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ገመድ ጋር አገናኙ። አንዳንዶቹ ሰብውፈሮች ድምፅ ሲመጣ ራሳቸው ይበራሉ።

9. ሁሉንም ደግማችሁ ካያችሁ በኋላ ባትሪውን መልሱ፣ መጨረሻ ላይ ፊውዙን አስገቡ።

▪️ ማስተካከል

ብዙ ሰው ጥሩ ሰብውፈር ገዝቶ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው።

ቴፑ ላይ ያለውን ቤዝና ትሬብል ዜሮ አድርጉ፤ "ቤዝ ቡስት" ካለም አጥፉት። የድምፅ መቁረጫውን 80 ኸርዝ ላይ አድርጉ። የምታውቁትን ሙዚቃ ክፈቱና ቴፑን ሦስት አራተኛው ድረስ ጨምሩ። ከዚያ የሰብውፈሯን ጌይን ቀስ እያላችሁ ከፍ አድርጉ፤ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ ወደኋላ መልሱና ተዉት። ጌይን ማለት ቮልዩም አይደለም፤ ቴፑንና ሰብውፈሯን የሚያስማማ ነው።

በመጨረሻ "ፌዝ" የምትለዋን ማብሪያ 0 እና 180 ላይ ሞክሩ። ሹፌሩ ወንበር ላይ ሆናችሁ ቤዙ ሞላ ያለበት ትክክለኛው ነው።

▪️ ችግር ሲመጣ

• ነዳጅ ስትረግጡ አብሮ የሚጨምር ጩኸት፦ መጀመሪያ ኔጌቲቩን እዩ፤ ቀለም ላይ ታስሮ ወይም ላልቶ ሊሆን ይችላል።

• ቤዝ ሲመታ መብራት የሚደበዝዝ ከሆነ፦ ገመዱ ቀጭን ነው ወይ ባትሪው ደክሟል። ሞተር ጠፍቶ ትንሽ ካረፈ በኋላ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ሲሠራ ደግሞ ከ13.7 እስከ 14.5 ቮልት መሆን አለበት።

• ፊውዝ ቶሎ ቶሎ የሚቃጠል ከሆነ፦ የሆነ ቦታ ገመድ ብረት ነክቷል ማለት ሊሆን ይችላል። ከፍ ያለ ፊውዝ ማስገባት ወይም በሽቦ ማሰር ችግሩን አይፈታም። በዚያን ጊዜ ፊውዝ የሚሆነው ራሱ ገመዱ ነው፤ እሱም የሚቃጠለው ከምንጣፋችሁ ስር ነው።

• ጠዋት ባትሪ ሞቶ ከተገኘ፦ ማብሪያ ገመዷ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ካለው ገመድ ጋር ተያይዛ ሊሆን ይችላል።

▪️ የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ በ2024 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መከልከሏን ካሳወቀች ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። የኤሌክትሪክ መኪናም ቴፑን የሚያሠራ ትንሽ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አለው። ሰብውፈሯ የምትገናኘው ከሱ ጋር ብቻ ነው። ብርቱካናማ ገመዶች የከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው፤ ይገድላሉ፣ አጠገባቸው አትድረሱ። ትልቁ ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከወለሉ ስር ስለሚገኝ መብሳት ፈጽሞ አይታሰብም።

ትንሹ ባትሪ ካለቀ ትልቁ 90 በመቶ ቢሞላም መኪናው ላይነሳ ይችላል። ዋስትና ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ገመድ ከመነካቱ በፊት ከሸጠላችሁ ድርጅት በጽሑፍ ጠይቁ።

▪️ ባትሪና ጆሮ

ሞተር አጥፍታችሁ ቆማችሁ የምታዳምጡ ከሆነ ሒሳቡ ይኸው፦ 40 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ፣ ቴፑና ሰብውፈሯ በአማካይ 8 አምፔር ከሳቡ፣ በ2 ሰዓት ተኩል ግማሹ ያልቃል። ያረጀ ባትሪ ደግሞ ከዚያ ቀድሞ እጅ ይሰጣል።

ጆሮ ግን እንደ ባትሪ አይቀየርም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ለ40 ሰዓት 80 ዴሲቤል ድረስ እንዳናልፍ ይመክራል። በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ወደ ጆሯችሁ የሚገባው ኃይል እጥፍ ይሆናል። ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ የምትውሉ ልጆች ይህን አስቡበት። ከመኪና ስትወርዱ ጆሯችሁ የሚጮህ ከሆነ በዝቷል ማለት ነው።

ደግሞም መስኮት ዘግታችሁ የአምቡላንስ ሳይረን የማይሰማችሁ ከሆነ ቤዙ ከልክ አልፏል።

ባለሙያ ጋ ከሄዳችሁ ሦስት ነገር ብቻ በዓይናችሁ አረጋግጡ፦ ፊውዙ ባትሪው አጠገብ አለ? ገመዱ በጎማ ውስጥ አልፏል? ኔጌቲቩ ባዶ ብረት ላይ ታስሯል? ሦስቱም "አዎ" ካልሆኑ ገንዘብ ሳትከፍሉ እንዲስተካከል ጠይቁ።