አኰቴት በካፋ ምድር

«አኰቴት» የሚለውን የግእዝ ቃል «ምስጋና» ብለን ስንተረጕመው ክብደቱ የሚቀንስ ይመስለኛል። በቤተ ክርስቲያናችን የቅዳሴው ጸሎት ራሱ «አኰቴተ ቍርባን» ይባላል። ምስጋና በእጅ ተይዞ የሚቀርብ ነገር ነው ማለት ነው። እኔ ግን ዘመኔን ሁሉ «እንደምን ሰነበትህ?» ሲሉኝ «ተመስገን» እያልሁ፣ እጄ ባዶ መሆኑን ሳላስተውል ኖሬያለሁ። ያነቃኝ የካፋ ታሪክ ነው።

በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በአፄ ሠርፀ ድንግል ዘመን፣ የእናርያው ገዥ ባዳንቾ ተጠመቀ። በዚያው ዘመን ክርስትና ወደ ጎረቤቷ ካፋም እንደ ዘለቀ ይተረካል። ቀጥሎ በመጣው የሕዝብ ፍልሰትና ጦርነት መንገዱ ተዘጋ። ካህን ከሌለ ቅዳሴ የለም፤ ቅዳሴ ከሌለ ደግሞ አኰቴተ ቍርባኑ ይቀራል። ከ1859 እስከ 1861 እ.ኤ.አ. በካፋ የተቀመጠው ካፑቺናዊው ሚሲዮናዊ አቡነ ማስያስ ያገኘው የቀድሞውን ክርስትና ቅሪት ነበር።

ከቅሪቱ አንዱ በዓል ነው። ካፎች ዘመን የሚለውጡበት፣ ንጉሡም ሹማምንቱን በቦንጋ፣ በቦንጌ ሻምበቶ ይሰበስብበት የነበረው «ማሽቃሮ» በመስከረም ይውላል፤ ስሙም ከመስቀላችን ጋር ዝምድናውን ይናገራል። በሌላ በኩል «ደጆ» አለ፤ ገበሬው ከአዲሱ አዝመራ ሳይቀምስ በፊት በጫካ ውስጥ በተከበረ ስፍራ መባ የሚያቀርብበት ሥርዓት። ደጆ ከክርስትና ወጣ አልልም፤ ከክርስትና ሳይቀድም አልቀረም። መባውም ለምድሪቱ መንፈስ ስለሚቀርብ ሰባኪው ሁሉ አውግዞታል። ውግዘቱ ይገባኛል። ይሁን እንጂ እነዚያ ሰዎች ያላመሰገኑበትን እህል አለመቅመሳቸውን ሳስብ፣ ተጠምቄ ካደግሁት ከእኔ ይልቅ የአኰቴትን ምሥጢር እነርሱ አልቀረቡትምን? እላለሁ።

እዚህ ላይ የሚያስጨንቀኝን ልሸሽገው አልፈልግም። የካፋው የመጨረሻ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ሠራዊት እጅ የወደቀው በመስከረም 1890 ዓ.ም. መግቢያ ነው፤ ማሽቃሮ በሚውልበት ወር። ድል አድራጊው ወገን ክርስቲያን ነበርና ለድሉ እግዚአብሔርን እንደሚያመሰግን አያጠራጥርም። በዚያው ሰሞን ካፋ ውስጥ ስንት ቤት ተቃጥሎ፣ ስንቱ ሰው በባርነት ተነዳ! በሌላው ልቅሶ ላይ የሚቆም ምስጋና ወዴት እንደሚደርስ እንጃ። በቃየልና በአቤል ታሪክ ሁለቱም መሥዋዕት አቅርበው ነበር።

ሌላም ዕዳ አለብን። ቡና የበቀለበትን ጫካ የሰጠችን ካፋ ናት፤ የሰሜኑ ክርስቲያን ግን እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ቡናን የእስላምና የአረማዊ መጠጥ ነው ብሎ ይጸየፈው ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ተረስቶ፣ ቄሱም ምእመኑም ከጀበናው ዙሪያ ተቀምጦ ይመርቃል።

ባለፈው እሑድ ቤቴ ቡና ተፈልቶ ነበር። አቦሉም ቶናውም ተጠጣ፣ በረካው ቀረበ፤ ታላላቆች ቤቱን መረቁ። «አሜን» ስል ቦንጋ ትዝ አለችኝና፣ ፍንጃሉን ወደ አፌ ሳላደርስ ጥቂት ቆየሁ። «ምነው፣ በረደህ እኮ!» አለችኝ እናቴ።