ሁለተኛ መውጣት የት ያደርሳል?

በእኛ አገር የእግር ኳስ ታሪክ የሚነገረው ዋንጫ ለበላው ነው። የ1954ቱን የአፍሪካ ዋንጫ የማያውቅ ማን አለ? ግብፅን 4 ለ 2 አሸነፍን፣ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያን ጊዜ ያልተወለደው ሁሉ ሜዳ ውስጥ የነበረ ይመስል ያወራዋል። እስኪ ያንኑ ሰው «ሉሲዎች በአፍሪካ ዋንጫ አራተኛ የወጡት መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። አብዛኛው ሰው «ሴቶቹ? አራተኛ?» ብሎ መልሶ እናንተኑ ይጠይቃችኋል።

መልሱ መስከረም 1997 (እ.ኤ.አ. 2004) ነው፤ ቦታው ደቡብ አፍሪካ። የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ከምድቡ አልፎ ግማሽ ፍፃሜ ገባ። ናይጄሪያ 4 ለ 0 አሸነፈችን፤ ለሦስተኛ ደረጃ ከጋና ጋር ስንጫወት ደግሞ በመለያ ምት ተሸነፍን። በአንዲት ኳስ ልዩነት ሜዳሊያ አመለጠን። የወንዶቹ ቡድን በዚያ ዘመን የአፍሪካ ዋንጫን በቴሌቪዥን ነበር የሚያየው። እንዲያም ሆኖ አራተኛ መውጣት ዋንጫ አይደለምና ታሪክ ሆኖ አልተመዘገበም። ተረሳ።

ዛሬ ልጽፍ የፈለግኩት ስለዚህ ነው፦ አንደኛ ስላልሆኑት። ከአንደኛው በታች ስላለው እርከን። በሴቶች እግር ኳስ ያ እርከን አንዳንዴ ጭራሽ የለም፤ ሲኖርም ማንም አያየውም። ከእሱ ውጭ ግን አንደኛ የሚባል ነገር አይፈጠርም።

አንድ በር ብቻ

ነገሩ እንዲህ ነው። በአፍሪካ የወንዶች ክለቦች ሁለት ውድድር አላቸው። ትልቁ ቻምፒየንስ ሊግ ነው፤ ሁለተኛው ኮንፌዴሬሽን ካፕ። ሁለተኛው አዲስ ነገር አይደለም፤ የአሸናፊዎች አሸናፊ ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. 1975 ነው፤ በ2004 ከሌላ ታናሽ ውድድር ጋር ተዋህዶ የዛሬውን ስም አገኘ። እንግዲህ የሁለተኛ ውድድር ጥቅሙ ምን እንደሆነ የቅዱስ ጊዮርጊስ ደጋፊ ሁሉ ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ጊዮርጊስ ከቻምፒየንስ ሊጉ በዛማሌክ ሲሰናበት ወደ ኮንፌዴሬሽን ካፑ ወረደ፤ እዚያም ታግሎ ምድብ ድልድል ውስጥ ገባ። ከላይ የወደቀውን ከታች የተዘረጋ መረብ ያዘው ማለት ነው። ከእነ ኤትዋል ዱ ሳህልና ስፋክሲያን ጋር ተጫወተ፤ ተጫዋቾቹ ልምድ አገኙ፤ እኛም ለወራት የምናወራው ነገር አገኘን።

የሴቶቹስ? የአፍሪካ የሴቶች ክለቦች ቻምፒየንስ ሊግ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። በግብፅ በተካሄደው የመጀመሪያው ውድድር ዋንጫውን የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ወሰደ። የሚሳተፉት 8 ክለቦች ናቸው። አህጉሩ በ6 ዞን ተከፍሏል፤ ከየዞኑ አሸናፊው ይሄዳል። እኛ ያለንበት የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካ ዞን (ሴካፋ) በደንቡ አንድ ትኬት ነው ያለው። ኬንያ፣ ታንዛኒያ፣ ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ እኛ... ሁላችንም ለአንድ ወንበር። ሁለተኛ የወጣ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ለወንዶቹ የተዘረጋው መረብ ለሴቶቹ አልተዘረጋም።

መቼም «አውሮፓ ሌላ ነው» ትሉ ይሆናል። ልብ በሉ፦ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1921 ሴቶች በክለቦቹ ሜዳዎች እንዳይጫወቱ ከልክሎ እገዳው 50 ዓመት ገደማ ቆይቷል። ይህ የሆነው ከአንድ ዓመት በፊት የዲክ ኬር ሴቶችን ለማየት ሊቨርፑል ከተማ 53,000 ሰው ከገባ በኋላ ነው። ተመልካች ጠፍቶ ነው እንዳይሉ እንኳ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። የአውሮፓ ሴት ክለቦች የመጀመሪያ ዋንጫቸውን ያገኙት በ2001 ነው። ሁለተኛ ውድድር፣ ማለትም ከቻምፒየንስ ሊጉ ማጣሪያ የወደቁትን የሚቀበል የሴቶች ዩሮፓ ካፕ፣ የተጀመረው በ2025/26 የውድድር ዘመን ነው። ከመጀመሪያው ዋንጫ እስከ ሁለተኛው 24 ዓመት። ባለጸጋው አውሮፓ ይህን ያህል ከፈጀበት ነገሩ የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም ማለት ነው። ለሴቶች «ሁለተኛም ይገባቸዋል» ብሎ የሚያስብ ሰው ጠፍቶ ነው።

አራት ጉዞ ለአንድ ትኬት

ሁለተኛ እርከን በሌለበት የሴካፋ ማጣሪያ ራሱ ሁለተኛ እርከን ሆነ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሴቶች ቡድን ታሪክ ይህንን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

እ.ኤ.አ. በ2021 ማጣሪያው ኬንያ ላይ ተካሄደ። የአሰልጣኝ ብርሃኑ ግዛው ልጆች እስከ ፍፃሜ ሄዱ፤ ሎዛ አበራ ጎል በጎል አደረገቻቸው። ፍፃሜው ላይ ግን የኬንያው ቪሂጋ ኩዊንስ 2 ለ 1 አሸነፈ፤ ግብፅ የሄደውም እሱ ነው። በ2022 ታንዛኒያ ላይ ትኬቱን ሲምባ ኩዊንስ ወሰደ። በ2023 ኡጋንዳ ላይ ባንክ እንደገና ፍፃሜ ደረሰ፤ ከታንዛኒያው ጄኬቲ ኩዊንስ ጋር ተጫውቶ በመለያ ምት ተሸነፈ። በሦስት ዓመት ሁለት ፍፃሜ ተጫውተው እጃቸው ላይ ምንም አልቀረም። ወንዶች ቢሆኑ ኖሮ ሁለተኛ ውድድር ይጠብቃቸው ነበር። እነሱን የጠበቃቸው ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

በአራተኛው፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ ማጣሪያው አዲስ አበባ መጣ፤ አበበ ቢቂላ ስታዲየም። በዚያ ወቅት የወንዶች ብሔራዊ ቡድናችን የካፍን መስፈርት የሚያሟላ ስታዲየም አጥቶ «የሜዳው» ጨዋታዎችን በሰው አገር ይጫወት ነበር። ሴቶቹ ግን በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ቲፎዞአቸው ፊት ተጫውተው በፍፃሜው የኬንያውን ፖሊስ ቡሌትስ 1 ለ 0 አሸነፉ። ንግድ ባንክ በሴቶች ቻምፒየንስ ሊግ የሚሳተፍ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ክለብ ሆነ፤ ሞሮኮ ሄደ። ከምድቡ ባያልፍም ሄደ።

አሁን ቆም ብለን እናስብ። ያ ቡድን ከ2021 ሽንፈት በኋላ ቢበተን ኖሮ 2024 ይመጣ ነበር? አይመጣም። ለድሉ ያበቃው ሦስት ጊዜ ተሸንፎም መመለስ መቻሉ ነው። ለመመለስ ደግሞ ደሞዝ የሚከፍል፣ በሚቀጥለው ዓመትም የሚኖር ክለብ ያስፈልጋል። ባንክ ይህን ማድረግ ችሏል። ሌላውስ?

ከባቡሩ መጨረሻ ወዲያ

ቀላል ባቡሩ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። አቃቂ ከዚያ ወዲያ ነው። የድሮው የጅቡቲ ባቡር ግን አቃቂ ጣቢያ ነበረው፤ ጨርቃ ጨርቁም፣ ብረታ ብረቱም ሐዲዱንና ወንዙን ተከትለው ነው የተተከሉት። አቃቂ የሠራተኛ ሰፈር ነው። በእኛ አገር ደግሞ ኳስና ሥራ ቦታ ተለያይተው አያውቁም፤ መብራት ኃይል፣ አየር መንገድ፣ ባንኮቹ፣ የድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር... የክለቦቻችን ስም የደሞዝ መዝገብ ይመስላል። እነዚህ ሁሉ ሲቋቋሙ ግን የወንድ ቡድን ይዘው ነው። ፋብሪካው ውስጥ ክር የምትፈትለው ሴት ከኳሱ የደረሳት ድርሻ ቲፎዞነት ነበር።

የአቃቂ ቃሊቲ የሴቶች ቡድን የመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በክፍለ ከተማ በኩል። አዲስ አበባ በክፍለ ከተማ ከተዋቀረች በኋላ አቃቂ ቃሊቲ፣ ቦሌ፣ ቂርቆስ፣ ልደታ፣ ንፋስ ስልክ ላፍቶ እያሉ በየስማቸው የሴት ቡድን ይዘው ብቅ አሉ። የሴቶች ሊግ መጀመሪያ ላይ ሁለተኛ እርከን አልነበረውም፤ ቡድኖቹ በሁለት ዞን ተከፍለው፣ ጠንካራውም ደካማውም ተቀላቅሎ ይጫወት ነበር። አንዷ ቡድን ሌላዋን በግማሽ ደርዘን ጎል ትሸኛለች፤ አሸናፊዋም አትማርበትም፣ ተሸናፊዋም አትማርበትም። በ2010 ዓ.ም. ሊጉ አንደኛና ሁለተኛ ዲቪዚዮን ተብሎ ተከፈለ። የክፍለ ከተማ ልጆች አቻቸውን ያገኙት ያኔ ነው። አቃቂ ቃሊቲ ሁለተኛው ዲቪዚዮን ውስጥ ተጫውቶ ከፍተኛውን ሊግም ቀምሷል። ከሠራተኛ ሰፈር የወጡ ልጆች ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን የሚያሰልፈውን ባንክን በአንድ ሊግ፣ በአንድ ደንብ፣ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ገጠሙ ማለት ነው። ደረጃ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ከታች ያለችው ወደ ላይ የምትወጣበትን መንገድ እንድታይ።

ባለሜዳ ያለ ሜዳ

መሰላሉ ግን የተሰነጠቁ እርከኖች አሉት።

አንደኛው ሜዳ ነው። የ2012 ውድድር በኮቪድ ተሰረዘ። ከ2013 ጀምሮ የሴቶቹ ሊግ ቡድኖችን አንድ ከተማ ላይ እየሰበሰበ ይካሄድ ጀመር። ለክለቦቹ የትራንስፖርት ወጪ ይቀንሳል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የአቃቂ ቡድን «ባለሜዳ» ተብሎ ሲመዘገብ ጨዋታው ሀዋሳ ከሆነ፣ የቱሉ ዲምቱ ታዳጊ ቡድኑን የት ሄዳ ትየው? ወንድሟ የሚመስለውን ተጫዋች በየካፌው ስክሪን ላይ ያያል። እሷ የምትመስላት አጥቂ ከሁለት ፌርማታ ወዲህ እያደረች እንኳ አታውቃትም። ቲፎዞ የሌለው ቡድን ሲፈርስ ደግሞ የሚጮህለት የለም።

ሁለተኛው ይኸው መፍረሱ ነው። ደደቢት ከ2008 እስከ 2010 በተከታታይ ሦስት ጊዜ የሴቶች ሊግ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያስ? ክለቡ ገንዘብ ሲያጥረው የሴቶቹ ቡድን ቀረ። የሦስት ዓመት ሻምፒዮን እንደ ሰርግ ድንኳን ተነቅሎ ተጠቀለለ። ተጫዋቾቹ ተበተኑ፤ ሎዛ አበራ ወደ አዳማ ሄደች፤ በ2011 ዋንጫውን አዳማ በላ። ቀጥላ ማልታ ገባች፣ ከቢርኪርካራ ጋርም ዋንጫ አነሳች፤ ተመልሳ ለባንክ ተጫወተች፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ አሜሪካ፣ ዲሲ ፓወር። ከዱራሜ የተነሳች ልጅ እዚያ መድረሷ ያኮራል። ግን ሎዛን ክለብ ሲፈርስባት ሌላ ክለብ ይጠራታል። የደደቢት ተቀያሪ በረኛዋንስ ማን ጠራት? ኮከብ መረብ አያስፈልጋትም። መረቡ የሚያስፈልገው ለሃያ ሁለተኛዋ ተጫዋች ነው።

ከ2013 ወዲህ ተከታትለው የመጡትን ዋንጫዎች ንግድ ባንክ ሰበሰበ። ባንክን ልወቅስ አይደለም፤ ሥራውን ሠራ። ግን አንድ ትልቅ ባንክ በአንድ በኩል፣ በዓመት በጀት የሚኖር የክፍለ ከተማ ቡድን በሌላ በኩል ሲሰለፉ ጨዋታው የሚጀመረው ዳኛዋ ፊሽካ ከመንፋቷ በፊት ነው። የክፍለ ከተማው ቡድን ሕልውና የሚወሰነው በጎል ሳይሆን በሰኔና ሐምሌ በሚጸድቅ ወረቀት ነው። አዲስ ኃላፊ መጥቶ «ዘንድሮ ቅድሚያ የምንሰጠው ለሌላ ነው» ካለ የሃያ ምናምን ልጆች ሥራ በአንድ ፊርማ ያልቃል። ለእነሱ ደግሞ ኳስ ሥራ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ ለእናት የሚላክ ብር፣ «አግቢና ተቀመጪ» ለሚለው ዘመድ የሚሰጥ መልስ።

የሚጻፈው ምንድን ነው?

ሦስተኛው ስንጥቅ እኛን፣ ጸሐፊ ነን የምንለውን፣ ይመለከታል። የሁለተኛ ዲቪዚዮን የሴቶች ጨዋታን ውጤት ልፈልግ ያለ ሰው እንደ ሶከር ኢትዮጵያ ያሉ ድረ ገጾች ባይኖሩ ምንም አያገኝም ነበር። የማንችስተርን ተጠባባቂ ግራ ተመላላሽ ጉዳት በየሰዓቱ የሚነግረን ሬዲዮ፣ አቃቂ ላይ ማን ጎል እንዳገባች በሳምንት አንዴ እንኳ ቢነግረን አየር ሰዓቱ አይጎድልበትም። ያልተጻፈ ውጤት ከአሥር ዓመት በኋላ ያልተደረገ ጨዋታ ነው። በ1997 አራተኛ የወጡት ሉሲዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው።

«ቢሰበሰብ ምን ይረባል?» ለሚል መልሱ ቀላል ነው። ባንክ ሞሮኮ የሄደው ሽንፈቱን እያስታወሰ ነው። የት ላይ እንደወደቀ ያወቀ ነው የሚነሳው። አህጉሩ ለሴቶች ሁለተኛ ውድድር እስኪያዘጋጅ ድረስ ቁጭ ብለን አንጠብቅ፤ አውሮፓም 24 ዓመት ፈጅቶበታል። ቤታችን ውስጥ ያለው ሁለተኛ እርከን ግን በእጃችን ነው። ለክፍለ ከተማ ቡድኖች ከአንድ ዓመት በላይ የሚዘልቅ በጀት፣ በውድድር ዘመኑ ጥቂት ጨዋታ እንኳ በገዛ ሰፈራቸው ሜዳ፣ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ደግሞ የተጻፈ መዝገብ። ይህ የስታዲየም ግንባታን ያህል ገንዘብ አይጠይቅም።

የአንደኛዋን ስም ሁላችንም እናውቃለን። አሁን የሚቀጥለው ጨዋታ መቼና የት እንደሆነ እንጠይቅ፤ ሄደንም እንይ።