ሰው በምን ይማራል? ጌም ሠሪዎች የሰጡት መልስ

ዛሬ ስለ ጌም ልጽፍ ነው፤ ግን ታሪክ ነው፣ አትሳቁ። ሰው አንድን ሙያ የሚለምደው በምንድን ነው? ደጋግሞ በመሥራት? ከአስተማሪ? ወይስ ነጥብ በማጠራቀም? የሮል ፕሌይንግ ጌም ሠሪዎች በዚህ ጥያቄ 50 ዓመት ያህል ሲከራከሩ ኖረዋል። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ነገሩ የሚጀምረው ከኮምፒውተር በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ አሜሪካውያን «ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ»ን አወጡ። መሣሪያው ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ነው። አውሬ ስትገድል፣ ሀብት ይዘህ ስትመለስ ነጥብ ይሰጥሃል፤ ነጥቡ ሲሞላ ደረጃህ ያድጋል። ቀላል ነው፣ ይሠራልም። ግን አንድ የሚያስቅ ነገር አለው፤ ሌባው ዘንዶ ገድሎ ሲመለስ ቁልፍ መክፈት ላይ ጎበዝ ሆኖ ይገኛል! ዘንዶና ቁልፍ ምን አገናኛቸው?

በ1978 የወጣው «ረንክዌስት» ለዚህ መልስ ሰጠ። እዚያ የሚሻሻለው የተጠቀምክበት ክህሎት ነው። ጦር ከወረወርክ ጦር፣ ከዋኘህ ዋና። ደግሞም ባወቅህ ቁጥር መጨመሩ ይከብዳል፤ ጀማሪ ቶሎ ይለወጣል፣ አዋቂ ግን ለትንሽ ለውጥ ብዙ ይደክማል። ሙያ ያለው ሰው ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ይህን ሐሳብ ወደ ሰፊው የኮምፒውተር ዓለም ካመጡት አንዱ ቤተስዳ የተባለው ኩባንያ ነው። በ1996 ያወጣው «ዳገርፎል» 35 ክህሎቶች ነበሩት፤ ሁሉም በመሥራት ነው የሚያድጉት። የጨዋታው ምድር ደግሞ ታላቋ ብሪታንያን የሚያህል ሲሆን ከ15,000 በላይ ቦታዎች አሉት። ይህን ሁሉ በእጅ መሥራት ስለማይቻል አብዛኛውን ኮምፒውተሩ በቀመር አወጣው። ውጤቱስ? አንዱን መንደር ያየ መቶውን አየ። ስፋት አለ፣ የምታስታውሰው ቦታ ግን ጥቂት ነው።

ያው ኩባንያ በ2002 «ሞሮዊንድ»ን ሲሠራ መንገዱን ቀየረ። አንድ ደሴት፣ ግን ድንጋዩ ሳይቀር በሰው እጅ የተቀመጠ። ክህሎቶቹ ወደ 27 ወረዱ። ካርታው ላይ «ወዲህ ሂድ» የሚል ቀስት የለም። ሰው ትጠይቃለህ፤ «ድልድዩን ተሻገር፣ ከትልቁ ቋጥኝ ወደ ግራ ታጠፍ» ይልሃል። አዲስ አበባ ውስጥ «ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ቀይ በር» እየተባለ ቤት ፈልጎ ላገኘ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ዓለሙም በአብዛኛው አንተን አይጠብቅም። ገና በመጀመሪያው ቀን የሚገድልህ ዋሻ ውስጥ ሰተት ብለህ ልትገባ ትችላለህ። ትሸሻለህ፤ ከብዙ ሰዓት በኋላ ተመልሰህ ታሸንፋለህ። ማደግህን የምታውቀው ያኔ ነው።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጀርመን አገር የወጣው «ጎቲክ» ደግሞ «አስተማሪስ?» አለ። ነጥቡን በትግል ብታገኘውም ብቻውን ምንም አይሠራልህም። የሚያስተምርህ ሰው መፈለግ አለብህ፤ እሱም ወይ ገንዘብ ይጠይቃል፣ ወይ «አንተ የኛ ወገን አይደለህም» ብሎ ይመልስሃል። በጣም ደስ የሚለኝ ነገር ይኸውላችሁ፦ ጀማሪው በአንድ እጅ የሚያዘውን ሰይፍ በሁለት እጁ ጨብጦ ይወዛወዛል። ሲሠለጥን አያያዙ፣ አቋሙ ሁሉ ይቀየራል። ቁጥር ሳታይ ሰውየው መማሩን ከሰውነቱ ታነባለህ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ ልምጣ። በ2006 ቤተስዳ «ኦብሊቪየን»ን አወጣ። ተጫዋቹ የፈለገበት ሄዶ እንዳይሞትም፣ እንዳይሰለቸውም ተብሎ ጠላቶቹ ከተጫዋቹ ደረጃ ጋር አብረው እንዲያድጉ ተደረገ። ውጤቱ ጉድ ነው። አንተ ስትጠነክር መንገድ ዳር የሚዘርፈው ተራ ሽፍታ በጣም ውድ ጥሩር ለብሶ ይመጣል። ያን የሚያህል ሀብት እያለው ምን ሊዘርፍ ወጣ?

የባሰው ግን ሌላ ነው። ደረጃህ የሚያድገው ከመረጥካቸው 7 ዋና ክህሎቶች በአንድነት 10 ጭማሪ ሲገኝ ነው። ስለዚህ ከነሱ መካከል ቅመማና ዝላይ ካሉ፣ መድኃኒት በመቀመምና በመዝለል ብቻ ደረጃህ ይወጣል። ጠላቶችህ ያንን ቁጥር አይተው ያድጋሉ፣ ሰይፍ የሚይዘው ክንድህ ግን የትናንቱ ነው። ይህ የገባቸው ተጫዋቾች ምን አደረጉ መሰላችሁ? የማይጠቀሙበትን ክህሎት «ዋና» ብለው መምረጥ ጀመሩ! ጭማሪያቸውን በወረቀት እየቆጠሩ ይጫወታሉ። ከከተማ ከተማ እንደ ፌንጣ እየዘለለ የሚሄድ አለ፤ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ለረጅም ሰዓት «የሚያደፍጥ» አለ። ጨዋታው ቀረና ቆጣሪውን መመገብ ሆነ።

በ2011 የወጣው «ስካይሪም» ብዙውን አቃለለው። ክህሎቶቹ 18 ሆኑ፣ ሁሉም ለደረጃ ይቆጠራሉ፣ ቦታዎችም የየራሳቸው የጥንካሬ ወሰን ተበጀላቸው። ያም ሆኖ ተጫዋቹ አንጥረኛው ቤት ቆሞ ማንም የማይፈልገውን የብረት ጩቤ በመቶ እየቀጠቀጠ «ሙያ» ሲያሳድግ ታይቷል። በ2017 የኒንቴንዶው «ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የክህሎት ሰንጠረዡን ከነጭራሹ ተወው። ሳር ሲቃጠል ወደ ላይ የሚነሣው ነፋስ እንደሚያነሳህ፣ በመብረቅ ዝናብ ብረት መያዝ እንደሚያስመታህ የምትማረው አንተው ነህ፣ በራስህ ጭንቅላት። የመጀመሪያውን አምባ ከጨረስክ በኋላ ደፋር ከሆንክ በቀጥታ ወደ መጨረሻው ጠላት መሄድ ትችላለህ።

እኔ ከዚህ ታሪክ የምወስደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ክህሎት ትርጉም የሚኖረው ተራራው ባለበት ሲቆም ነው። አብሮህ ከፍ የሚል ተራራ ላይ ወጣህ አትባልም። ስለዚህ ፈተናውን ለተማሪው እያወረድን ወይም እያከበድን ስናስተካክል፣ ልጁ «ትናንት ያቃተኝን ዛሬ ቻልኩት» የሚልበትን ቦታ እንዳናጠፋበት። ሁለተኛ፣ የምትቆጥረውን ነገር ሰዎች ያመርቱልሃል። ዝላይ ከቆጠርክ ይዘላሉ፣ ጩቤ ከቆጠርክ ይቀጠቅጣሉ፣ ሰርተፍኬት ከቆጠርክ ሰርተፍኬት ይሰበስባሉ። ሥራ ፍለጋ ላይ ያላችሁ ልጆቼ፣ ይህን የምለው ለእናንተ ነው። ወረቀቱ ይጠቅማል፣ አልናቅኩትም። ግን ደረጃው ከፍ ብሎ ክንዱ እንደነበረ የቀረውን የኦብሊቪየን ጀግና አስታውሱት፤ የሥራው የመጀመሪያ ቀን ላይ የሚጠይቃችሁ ክንዱን ነው።

እስቲ እናንተ ደግሞ ንገሩኝ። ከጌምም ይሁን ከሕይወት፣ መጀመሪያ አሸንፏችሁ ኋላ ተመልሳችሁ ያሸነፋችሁት ቦታ የቱ ነው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ሰላም ሁኑ።