ልጆቻችን የሚገዙት አሮጌ ሌንስ ከየት መጣ?



ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ። «ልጄ ስንት ወር ሠርቶ አዲስ ካሜራ ገዛ፤ ከዚያ ደግሞ ያፎ ሹክ ሃፒሽፔሺም ሄዶ ከሱ ዕድሜ የሚበልጥ ቆርቆሮ ገዝቶ ይመጣል። ምን ነካው?» ይላሉ። ጥያቄው ቢያስቅም ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ ያመጣል። «ገንዘቡን በተነ» የሚል አባት አለ፤ «እናንተ አይገባችሁም» ብሎ በሩን የሚዘጋ ልጅም አለ። እኛ ልጆች ሆነን መጥተን ዛሬ በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች በሁለቱ መካከል መቆም ልማዳችን ነው። ለዛሬ ግን ጭቅጭቁን ትተን የዕቃውን ታሪክ እናውጋችሁ። ታሪኩ ከእኛ ታሪክ ጋር ባልታሰበ ቦታ ይገናኛል። ዓመቶቹን የምንጽፈው እዚህ አገር በሚቆጠረው ነው።

ካሜራ፣ ልጆቹ «ማጽሌማ» የሚሉት፣ ሁለት ነገር ነው፤ አካሉና ከፊቱ የሚገጠመው ሌንስ። ሌንስ ማለት በብረት ቀለበት ውስጥ ተደርድረው የተቀመጡ፣ በጥንቃቄ የተሞረዱ መስታወቶች ናቸው። የዛሬ ካሜራ አካሉ ኮምፒውተር ስለሆነ ቶሎ ያረጃል። መስታወቱ ግን ካልተሰበረ፣ ሻጋታም ካልበላው፣ የዛሬ 60 ዓመት ብርሃን እንደሰበሰበ ዛሬም ይሰበስባል። ልጁ ይህን ስላወቀ ነው ሹክ የሚሄደው። አዲስ ጥሩ ሌንስ ሺህ ሼቄሎች ያስወጣል፤ አሮጌው ብዙ ጊዜ የዚያን ጥቂት እጅ ነው።

ከሚገዟቸው ሌንሶች ብዙዎቹ ጀርባቸው ላይ እንደ ቡሎን ጥርስ አላቸው። ስፋቱ 42 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከጥርስ እስከ ጥርስ 1 ሚሊ ሜትር። «ኤም 42» የሚባለውም ለዚህ ነው። በዚህ ጥርስ ካሜራ መሥራት የተጀመረው በጀርመን አገር በድሬስደን ከተማ ነው። በ1949 ዛይስ ኢኮን የተባለው ፋብሪካ ኮንታክስ ኤስ የሚባለውን ካሜራ በዚህ ጥርስ ሠርቶ አወጣ። ከተማዋ በ1945 በቦምብ ወድማ ነበር፤ ገና አራት ዓመቷ ነበር እንግዲህ።

የዚህን ፋብሪካ ስም ካነሳን አንድ ሰው ሳንጠራ አናልፍም። አማኑኤል ጎልድበርግ ይባላል፤ በ1881 ሞስኮ የተወለደ አይሁዳዊ ነው። ጀርመን አገር ተምሮ የፎቶ ሳይንስ ሊቅ ሆነ፤ ዛይስ ኢኮን በ1926 ሲቋቋም መሪው እሱ ነበር። በ1932 የወጣው የመጀመሪያው ኮንታክስ በእሱ ዘመን የተሠራ ነው። በ1933 ናዚዎች ሥልጣን በያዙ በጥቂት ወር ውስጥ ሰዎቻቸው ከሥራ ቦታው አፍነው ወሰዱት። ሥራውን መልቀቁን በግድ አስፈርመው ለቀቁት። ወደ ፓሪስ ሄደ፤ በ1937 ወደዚህ አገር መጣ።

ፋብሪካውን ቀሙት፤ እጁ ላይ ያለውን ሙያ ግን ሊቀሙት አልቻሉም። ቴል አቪቭ ውስጥ ትንሽ የመሣሪያ መሥሪያ ቤት ከፈተ። ያ ቤት ውሎ አድሮ ዛሬ ኤል-ኦፕ ለምንለው ለአገሪቱ ትልቅ የኦፕቲክስ ኢንዱስትሪ መነሻ ሆነ። በ1968 የእስራኤልን ሽልማት ተቀበለ፤ በ1970 እዚሁ ቴል አቪቭ አረፈ። እኛ ስለ አሊያ ታሪክ ስንማር የዚህን ሰው ስም አልሰማንም።

የእሱን ታሪክ ስናነብ የአባቶቻችን ነገር ይመጣብናል። ጎንደር አጠገብ ወለቃና ሌላውም መንደር ብረት የሚቀጠቅጡ፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ፣ የአገሩ ገበሬ ሁሉ ደጃቸው የሚቆም ባለእጆች ነበሩን። እነሱም ሙያቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ለወናፋቸው ግን እዚህ ቦታ የሰጠው የለም፤ ብዙዎቹ መጥረጊያ ነው የተሰጣቸው። ይህን ለወቀሳ አይደለም የምናነሳው፤ ግን ሆኗል።

ወደ ሌንሱ እንመለስ። የዛይስ ሌንሶች የሚሠሩት ዬና በምትባል ሌላ የጀርመን ከተማ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ መጀመሪያ የገቡት አሜሪካኖች ናቸው። ከተማዋን ለሶቪየቶች ከማስረከባቸው በፊት በ1945 ዋና ዋና ባለሙያዎችን ወደ ምዕራብ ይዘው ሄዱ። ቀጥሎ የገቡት ሶቪየቶች ማሽኑን ነቅለው ጫኑ፤ በጥቅምት 1946 ደግሞ የቀሩትን ባለሙያዎች ብዙዎቹን ከነቤተሰባቸው በባቡር ወሰዱ። ከተወሰደው መካከል ቢዮታር የሚባል የሌንስ ንድፍ ነበረ። ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ በሚባል ቦታ ባለ ፋብሪካ እንደገና ተሠራና ሄሊዮስ 44 የሚል የሩሲያ ስም ወጣለት። አገር ሲለውጥ ስም መለወጥ እኛም እናውቀዋለን፤ ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን አውሮፕላን ማረፊያ ወይም ትምህርት ቤት አዲስ ስም የተሰጠን! ሌንሱ ግን ያው 58 ሚሊ ሜትር ነው፤ ቢዮታርን የሚያውቅ ሰው ሲያየው ዘመዱ መሆኑን ይለየዋል።

ይህ ሄሊዮስ በተለይ ዜኒት ከሚባለው ካሜራ ጋር ተሸጠ። ዜኒት ኢ የሚባለው ዓይነት ከ1965 ጀምሮ በሚሊዮን የሚቆጠር ተመርቷል። አሊያ ከመውጣታችሁ በፊት አዲስ አበባ ኤምባሲው ደጅ ወራት የጠበቃችሁ ሰዎች የላዳ ታክሲን ታስታውሳላችሁ አይደል? ከባድ፣ ጫጫታ የሚያበዛ፣ በመዶሻና በመፍቻ የሚጠገን። ዜኒትም የዚያው አገር ልጅ ነው። ባትሪ እንኳ አይፈልግም።

እዚህ አገር እንዴት ገባ? በ1990 ብቻ ከሶቪየት ኅብረት ከ180 ሺህ በላይ ሰዎች መጡ። ከዚያ አገር ገንዘብ ይዞ መውጣት በጣም የተገደበ ስለነበር ሰዉ ሊሸጥ የሚችል ዕቃ ይዞ ይወጣ ነበር፤ ካሜራ አንዱ ነው። ሸጠው የመጀመሪያዎቹን ወራት ይገፉበታል። በዚያው ጊዜ፣ ሜይ 24 እና 25 ቀን 1991፣ በአገራችን አቆጣጠር ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983፣ ከ14 ሺህ በላይ ወገኖቻችን በሰሎሞን ዘመቻ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ መጡ። ብዙ ሰው እንዲጭን ከአውሮፕላኑ ወንበር ተነቅሎ ነበር። ዕቃ የያዘ ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ከለበስነው ልብስና ካዘልነው ልጅ በቀር።

ስለዚህ በአንድ መርከዝ ክሊታ፣ አንዳንዴም በአንድ የቃራቫን ሰፈር፣ ካሜራ ያለው ጎረቤትና ፎቶ የሌለው ጎረቤት አብረው ኖሩ። የእኛ ወላጆች የጋብቻቸው ፎቶ የለም፤ የሞቱባቸው ልጆችና በሱዳን መንገድ የቀሩት ወገኖች ፎቶ የለም። ከዚያ በፊት የተነሱ የወገኖቻችን ፎቶዎችን ካየን ደግሞ ያነሳን ሌላ ሰው ነው። ፋይትሎቪች ከ1904 ጀምሮ ወደ አገራችን ሲመላለስ ካሜራ ነበረው፤ ከእሱ በኋላም ብዙ እንግዳ መጥቷል። በእንዲህ ዓይነት የድሮ የመንገደኛ ፎቶ ሥር ብዙ ጊዜ የተጻፈው የሰውዬው ስም ሳይሆን የወገኑ ስም ነው። «አንድ ሸማኔ»፣ «አንዲት ሸክላ ሠሪ» ይላል፤ ማን እንደሆነች፣ የማን ልጅ እንደሆነች የሚነግረን የለም።

ዓመታት አለፉ፤ ዲጂታል መጣ፤ ፊልም የሚያጥቡት ፎቶ ቤቶች አንድ በአንድ ተዘጉ። የሩሲያው ሳባ ዜኒት ከቁም ሳጥን ወጥቶ ሹክ ወረደ፤ ቀሪው ቆሻሻ ላይ ተጣለ። ያዳነው ማንም አስቦ ያላዳነው ነገር ነው። እሱን ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል።

ማጉያ መነጽር ፀሐይ ላይ ይዛችሁ ደረቅ ሣር አቃጥላችሁ ታውቁ ይሆናል። መነጽሩ ከሣሩ በትክክለኛው ርቀት ካልሆነ አይሠራም፤ ቢቀርብም ቢርቅም ብርሃኑ ይበተናል። የካሜራ ሌንስም ያው ነው። ኤም 42 ሌንስ ከፊልሙ 45.46 ሚሊ ሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው የተሠራው። ይህን ያህል ርቀት ያስፈለገው በመካከሉ ወደ ላይና ወደ ታች የሚገለበጥ መልክ ማያ መስታወት ስላለ ነው፤ ፎቶ አንሺው አሻግሮ የሚያየው በእሱ ነበር። ከ2008 ጀምሮ ካሜራ ሠሪዎች ያንን መስታወት አወጡት፤ ልጁ አሁን የሚያየው በትንሽ ስክሪን ነው። መስታወቱ ሲወጣ ካሜራው ቀጠነ። በ2010 የወጣው የሶኒ ዓይነት ርቀቱ 18 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ45.46 ላይ 18 ሲቀነስ 27.46 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። አዳፕተር የሚባለው ባዶ የብረት ቀለበት የሚገባው እዚያች ትርፍ ቦታ ላይ ነው! በአንድ በኩል የድሬስደን ጥርስ፣ በሌላ በኩል የዛሬው ካሜራ መያዣ፣ መሃሉ ባዶ። ቶርኖ ያለው ሰው ሊቆርጠው ይችላል፤ ተሠርቶም ከመቶ ሼቄል በታች ይገኛል።

ካሜራ ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ካሜራ ለማቅለልና አዲስ ሌንስ ለመሸጥ ነው እንጂ ለአሮጌው አዝነው አይደለም። በ1987 ከወጣው የካኖን ዓይነት ጋርም ቀጭን ቀለበት ይበቃል፤ እዚያ ርቀቱ 44 ስለሆነ የሚተርፈው 1.46 ነው። የድሮው ኒኮን ግን 46.5 ስለሆነ ቦታ የለውም፤ ሌንሱ ቢገጠም እንኳ ሩቁን ማጥራት ያቅተዋል። ልጁ «የኔ ካሜራ አይቀበለውም» ቢላችሁ ሰበብ ላይሆን ይችላል።

አዳፕተሩን አንዳንዶቻችን «ሜጋሼር» እያልን እንቀልዳለን። በክሊኒክና በትምህርት ቤት በቤተሰቡና በሠራተኛው መካከል የሚቆመውን ሰው ታውቁታላችሁ። ይህኛው ሜጋሼር ግን ቋንቋ የማያውቅ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ያቆማል እንጂ አያነጋግራቸውም። ካሜራው ሌንስ መኖሩን ራሱ አያውቅም፤ «ያለ ሌንስም አንሳ» የሚለውን ትእዛዝ ልጁ በሴቲንግ ማብራት አለበት። ማጥራት በእጅ ነው፤ የብርሃን ቀዳዳውን ማጥበብና ማስፋት በእጅ ነው። ስልክ የለመደ ልጅ ቀለበቱን እያዞረ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ የዓይን ሽፋሽፍት እስኪጠራ ይጠብቃል። ሄሊዮሱ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ ከሰውዬው ኋላ ያሉ ቅጠሎች ክብ ሠርተው የሚዞሩ ይመስላሉ። በመሐንዲስ ዓይን ይህ ጉድለት ነው፤ ልጆቹ የሚወዱት ግን እሱኑ ነው።

አሁን ለምን ይህን ሁሉ እንደነገርናችሁ ይገባችኋል። እንዲህ ያለው ሌንስ ለፊት ፎቶ ይመቻል፣ ግን ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ይፈልጋል። የእናንተ ልጅ የልጅ ልጅ ሳባና ሳቭታን «ቁጭ በሉልኝ» ሲል «ተወኝ፣ ሥራ የለህም?» አትበሉት። ከሰንበትና ከበዓል ውጪ ሃያ ደቂቃ ስጡት። በሥራችን እንደምናየው፣ «ምን አደረግክ ዛሬ» ተብሎ መልስ የማይሰጥ ልጅ ሌንስ ሲያዞር ይጠይቃል፤ «ይህ ንቅሳት የት ተነቀሰ?» ይላል፣ «ይህ ጠባሳ ምንድን ነው?» ይላል። ሽማግሌውም ካሜራውን ረስቶ ይመልሳል።

በቤታችሁ ወይም በጎረቤት አሮጌ ካሜራ ካለ አትጣሉ። በሻሽ ጫፍ በምራቅ መወልወል ይቅር፤ መስታወቱን ይቧጭረዋል። ወደ መብራት ይዛችሁ እዩት፤ ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካለ ሻጋታ ነው፣ ከሌሎቹ ለይታችሁ በደረቅ ቦታ አስቀምጡት። በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ከተሠሩት አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ የጃፓኑ ታኩማር 50 ሚሊ ሜትር፣ ቶሪየም የሚባል ማዕድን በመስታወታቸው ስላለ እንደ ሻይ ቢጫ ይሆናሉ። ለፎቶ አንሺው አያሰጋም፤ ለሕፃን መጫወቻ አትስጡ፣ ልጁም ፈትቶ መስታወቱን እንዳይሞርደው ንገሩት። ቢጫው ፀሐይ ላይ ሲቆይ እየለቀቀ ይሄዳል። መስኮት ላይ ስታስቀምጡት ግን ጀርባው ይሸፈን፤ ያ የማጉያ መነጽሩ ነገር እዚህም ይሠራል፣ መጋረጃ ሊያቃጥል ይችላል።

ፎቶው ሲወጣ በስልክ ብቻ አይቅር፣ በወረቀት አሳትሙት። ጀርባው ላይ ሙሉ ስማችሁን፣ የአባትና የአያታችሁን ስም፣ የተወለዳችሁበትን መንደር፣ ያነሳችሁንም ልጅ ስም አስጽፉ። በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም ከጊዜ ብዛት ወደ ፊት ያልፋል።