ኦኮሌ፦ የቦረና የውሃ መቅጃ

ቆዳ፤ ቦረና፣ ደቡብ ኢትዮጵያ

ኦኮሌ ጥንት ከቀጭኔ ቆዳ ይሰፋ ነበር፤ ዛሬ በየኤላው (በየውሃ ጉድጓዱ) በብዛት የሚታየው የፕላስቲክ ጀሪካን ነው። በጥልቆቹ የቱላ ኤላዎች ውስጥ ወጣቶች አንዱ ከሌላው በላይ በእርከን ይቆማሉ። ሙሉው ኦኮሌ ወደ ላይ፣ ባዶው ወደ ታች ከእጅ ወደ እጅ ሲመላለስ ምቱን የሚጠብቅላቸው ዘፈናቸው ነው። የኦኮሌውን አፍ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ ቆዳው የለሰለሰው በእነዚያ እጆች ነው።

ውሃው ወደ ጭቃ ገንዳ ይገለበጣል፤ ከብቶችም የማጠጣቱ ኃላፊ የሆነው አባ ሄሬጋ ባወጣው ተራ ይጠጣሉ። በደረቁ ወራት አብዛኛው ከብት ውሃ የሚያገኘው በየሦስተኛው ቀን ነው። ኤላውን ለሚጠቀም ቦረና ውሃ አይሸጥለትም፤ የሚጠየቀው ጉልበቱን ነው፦ ኤላ መጥረግ፣ ገንዳ መለሰን፣ አጥር ማጠር። ዝናብ ሲጥል ከብቱ ከኩሬ ስለሚጠጣ ኤላው ያርፋል፤ በዙሪያው ያለው ሣርም ያገግማል። ይህ ሥርዓት ከየትኛውም የሞተር ፓምፕ የማያንስ እውቀት ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ ግን ቦረና እጅግ ብዙ ከብት አለቀበት፤ ውሃ ቢገኝ እንኳ ያለ ሣር ከብት አይተርፍም። የቱላ ኤላዎች ዛሬም ይቀዳባቸዋል።