ከንጉሥ ግምጃ ቤት እስከ ገበሬ ትከሻ፦ የሸዋ ጠመንጃ ታሪክ

በ1833 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ካፒቴን ኮርንዋሊስ ሃሪስ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ ሸዋ ሲገባ፣ ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካመጣቸው ገጸ በረከቶች መካከል ሳንጃ የተሰካባቸው 300 ጠመንጃዎችና መድፍ ይገኙበት ነበር። በኅዳር 1834 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው አንጎለላ የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈረመ። በዚያ ዘመን ባላገሩ የሚዘምተው ጦርና ጋሻ ይዞ ነው። ጠመንጃ የሚሸከሙት በአብዛኛው የንጉሡ የቅርብ ጠባቂዎች ነበሩ፤ መሣሪያውም የንጉሡ ንብረት ነው።

ጠመንጃ የማን ነው በሚለው ጥያቄ የአሜሪካ መነሻ ከዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ1791 የጸደቀው ሁለተኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ መሣሪያ የመያዝን መብት የሕዝብ ያደረገው፣ የታጠቀ ዜጋ ለነጻ መንግሥት ደኅንነት ያስፈልጋል በሚል እምነት ነው። መብቱ የሚሊሻ ነው ወይስ የግለሰብ የሚለው ክርክር ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘልቆ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2008 የግለሰብ ነው ብሎ በጠባብ የድምፅ ብልጫ ወሰነ።

ሸዋ ውስጥ ጠመንጃ የበዛው በምኒልክ ዘመን ነው። የነጋዴው መንገድ ከታጁራ ተነስቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ፋሬን አልፎ አንኮበር ይወጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ 2,040 ጠመንጃ በግመል አስጭኖ አራት ወር ገደማ ተጉዞ በጥር 1879 ዓ.ም. መጨረሻ አንኮበር ሲደርስ፣ ምኒልክ ለሐረር ዘመቻ ወጥተው ነበር። ራምቦ እሳቸውን ለማግኘት እስከ እንጦጦ ሄደ። ንጉሡ ከሂሳቡ ላይ የሟቹን ሸሪኩን የላባቱን ዕዳ ቀነሱ፤ የቀረውን ደግሞ ከሐረር ገዥ ከመኰንን እንዲቀበል ላኩት። በ1880 ዓ.ም. መጀመሪያ የጣሊያን መልእክተኛው አንቶኔሊ 5,000 ሬሚንግተን ለመስጠት የተዋዋለው፣ ምኒልክ በአፄ ዮሐንስና በጣሊያን ጠብ መካከል እንዳይገቡ ነበር። በዚህ ሁሉ መንገድ የተከማቸው መሣሪያ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ዋለ።

ያው ጠመንጃ ሌላም ታሪክ አለው። ከሸዋ ወደ ደቡብ የዘመተው ወታደር በደመወዝ ፈንታ ገባር ተሰጠው። ለአንዱ የነጻነት ዋስትና የሆነው መሣሪያ ለሌላው መሬቱን የነጠቀ ኃይል ነበር። ይህን የሚዘል ታሪክ ጎዶሎ ነው።

ጠመንጃ የገበሬው የራሱ ጉዳይ የሆነው መንግሥት ሲፈርስ ነው። በ1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አዲስ አበባን ይዞ ሕዝቡ ትጥቁን እንዲያስረክብ ሲያዝ፣ ብዙ የሸዋ ባላገር እምቢ አለ። የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት አበበ አረጋይ ከተማውን ለቀው በሸዋ ገደላገደል አምስቱን ዓመት ተዋጉ። ውጅግራና ምንሽር የተባሉት ጠመንጃዎች ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤት ክብር የሆነው ከዚህ ትዝታ ጋር ተያይዞ ነው።

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ጠመንጃን በፈቃድ የሚያዝ ንብረት አድርጎታል። በ2015 ዓ.ም. የክልል ልዩ ኃይሎች እንዲፈርሱ ሲወሰን ግን አማራ ክልል ውስጥ የተነሣው ቁጣ፣ ጠመንጃ የማን ነው የሚለው ጥያቄ በሕግ ብቻ እንደማይዘጋ አሳየ። ጠመንጃ የመንግሥት ነው የሚለውም፣ የቤቴ ጠባቂ ነው የሚለውም በሸዋ ታሪክ ውስጥ እውነተኛ ሥር አላቸው። ገበሬው ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ወደ እርሻው የሚሄደው መንግሥት እንደሚጠብቀው ሲያምን ነው። ይህን እምነት መገንባት ደግሞ የመጀመሪያው የመንግሥት ዕዳ ነው።